«ስንት ሰው አላችሁ?» ስለ አዳዲስ ተውኔቶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ አዳዲስ ተውኔቶች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ለማንበብም፣ መድረክ ላይ ለማውጣትም የሚሆኑትን ማለቴ ነው። ሥራዬ ከአማተር ክበቦች ጋር ስለሆነ ምርጫዬ ትንሽ ሰው ወደሚፈልጉ ሥራዎች ያጋድላል። ብዙ ተዋናይ ያለው ተውኔት በምን እንደሚፈርስ ታውቃላችሁ። አንዱ ሥራ ያገኛል፣ አንዷ ክፍለ ሀገር ትሄዳለች፣ ጥናቱ ይበተናል።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ሰው አላችሁ? የት ነው የምታሳዩት? ተመልካቹ ማነው? ሁለት ነገር ደግሞ ከአሁኑ ልበል። ተውኔቱን ከመምረጣችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያለ ፈቃድ የማንንም ሥራ አታሳዩ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ክበብ ነን። በቋሚነት የማይቀሩት ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ሌላው ይመጣል፣ ይቀራል። የምናሳየው መማሪያ ክፍል ውስጥ ለተማሪ ነው። የሚያስቅ ግን ባዶ ያልሆነ ነገር እንፈልጋለን።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። የእናንተ ተውኔት «አርት» ነው። የፈረንሳይዋ ያስሚና ሬዛ ጽፋው እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ ላይ የታየ ነው። ሦስት የረጅም ጊዜ ጓደኛሞች አሉ። ሰርጅ የቆዳ ሐኪም ነው፤ ነጭ በነጭ የሆነ ሥዕል በ200,000 ፍራንክ ይገዛል። ማርክ ያየዋል፣ ይበግናል። ኢቫን ሁለቱንም ላስደስት ብሎ መሐል ይገባና ከሁለቱም ይቀምሳል። ወሬው ስለ ሥዕል ይመስላል። ውስጡ ግን «እኔን ሳታማክር እንዴት ሌላ ሰው ሆንክ?» የሚል የጓደኛ ቅሬታ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አብሮ አደጉ ሲለወጥበት አይቷል።

አንድ ቦታ ላይ ኢቫን ዘግይቶ፣ ተጨንቆ ይገባል። ሊያገባ ነው። የሠርጉ ካርድ ላይ የእንጀራ እናቶች ስም ይግባ አይግባ በሚል ቤቱ ታምሷል። እጮኛው አንድ ትላለች፣ እናቱ በስልክ ሌላ ትላለች። እሱም ሁሉንም እየመሰለ፣ የሁሉንም ድምፅ እያወጣ፣ ያለ ማቋረጥ ያወራል። የሠርግ ካርድ ጭቅጭቅ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ግን ጽሑፉን ውኃ አድርጎ ያላጠና ተዋናይ እዚያ ላይ ይሰምጣል። ስለዚህ ኢቫንን ለቀልደኛው ልጅ አትስጡ። በደንብ ለሚያጠናው ስጡት።

ዲኮሩም ቀላል ነው። ሦስት የተለያዩ ቤቶች አሉ፤ ግን ክፍሉ ያው አንድ ክፍል ነው። የሚቀየረው ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው። ፈቃድ ግን ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፦ አሪፍ አዲስ ተውኔት ካለህ ጠቁመኝ።

መልስ፦ ስንት ሰው? የት? ለማን? መግቢያውን አንብብና እንደገና ጠይቅ።

ከደሴ፦ መምህር፣ እኔና እጮኛዬ ብቻ ነን። የሚረባ መብራት የለንም፣ ዲኮር የለንም። ያሉን ሁለት ወንበሮችም የጎረቤት ናቸው። የምናሳየው ለሠፈር ወጣቶች ነው።

መልስ፦ ወንበሮቹም አያስፈልጓችሁም። «ላንግስ» የሚል ተውኔት አለ፤ «ሳንባዎች» እንደ ማለት። ጸሐፊው እንግሊዛዊው ደንከን ማክሚላን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ስም የላቸውም። ሲጀምር ኢኬያ የሚባለው የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ናቸው። እሱ ድንገት የልጅ ነገር ያነሳል። እሷ ትንፋሽ ያጥራታል። እዚህ ቦታ ላይ ይህ ይነሳል? ደግሞ አንድ ልጅ በዕድሜው የሚያመጣውን ብክለት አስባ፣ የኢፍል ታወርን የሚያህል ክብደት ልትወልድ መሆኑን ታሰላለች። ያስቃል፤ ግን ከልቧ ነው የፈራችው።

ጸሐፊው ራሱ ዲኮር የለም፣ ቁሳቁስ የለም ብሎ ደንግጓል። ቦታና ጊዜ መቀየሩን በመብራት ወይም በድምፅ ማሳየትም አይፈልግም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ቀጣዩ ላይ አልጋ ላይ። በሁለት ቃል መካከል ወራት ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የሚያሳየው የተዋናዩ ገላ ነው። ስታጠኑ እርሳስ ያዙ። ጊዜ የሚዘልበት ቦታ ሁሉ ላይ መስመር አስምሩ። ከጎኑ የት እንደደረሳችሁና ስንት ጊዜ እንዳለፈ ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ አንድ እርምጃ፣ ወይም ፊት ማዞር፣ ወይም ትከሻ መጣል። ሁለት ነገር ካደረጋችሁ ተመልካች ያያችኋል። አንድ ብቻ ከሆነ ራሱ ይከተላችኋል።

እጮኛሞች ስለሆናችሁ አንድ ምክር አለኝ። ልጅ ስለማጣትና ስለ መለያየት የሚያወራ ክፍል አለው። ያ ጥናት ከጨረሳችሁ በኋላም ቤት ይገባል። መጀመሪያ ለብቻችሁ፣ በጸጥታ አንብቡትና ተነጋገሩ።

ከአዳማ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ስለ አየር ብክለት ብሎ ልጅ አልወልድም የሚል ሰው ደሴ ላይ ማን ያምነዋል? ወደ ቤት ኪራይና ወደ ዘይት ዋጋ ይቀየር። «አርት»ም ላይ ሰርጅ ለምን ሰለሞን አይሆንም? ውርስ ትርጉም የሚባል፣ ታሪኩን ወደ ራስ ሀገር አምጥቶ የሚተረጉም ነገር አለ እኮ።

ከጎንደር፦ አይሆንም! ተመልካቹን አትናቀው። ደሴ ያለ ወጣት ድርቅ ምን እንደሆነ ካንተ በላይ ያውቃል። ስሙን ሰለሞን አልከው ማለት የእኛ ሆነ ማለት አይደለም።

ከአዳማ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የጀርመናዊውን የብሬሽትን ሥራ ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ» ሲለው ማን ተናቀ? እንዲያውም የተወደደው የእኛ ስለመሰለ ነው።

ከጎንደር፦ ያው ጸጋዬ «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ግን ሐምሌትን ሐምሌት ብሎ ነው የተወው። አማርኛው ስላማረ የዴንማርኩ ልዑል የእኛው ልጅ ሆነ።

ከአዳማ፦ አንተ ጸጋዬ ነህ እንዴ?

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ሁለቱም ፈቃድ ይፈልጋል። የማያስኬደው ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ነው። ሰርጅን ሰለሞን ካላችሁት ጨርሱት። ክሊኒኩ የት ነው? ቦሌ ነው? ሥዕሉን ማን ሸጠለት? ያን ያህል ብር ለሥዕል ሲያወጣ ሚስቱ፣ እናቱ፣ የዕድር ሰዎች ምን አሉ? ይህን ሁሉ ከመለሳችሁ ሰለሞን ሰው ይሆናል። ስሙን ብቻ ከቀየራችሁ ግን ሰለሞን ተብሎ እንደ ፓሪስ ሰው የሚኖር፣ የትም የሌለ ፍጥረት መድረክ ላይ ይቆማል። ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። የብክለቱን ነገር በተመለከተ ጎንደር ያለው ልክ ነው። ሴትየዋ የምትፈራው ይህችን ዓለም ለልጇ ማውረስ ነው። ያ ፍርሃት ደሴም አለ።

ከጅማ፦ ጸሐፊው ፈረንጅ ነው፣ እኛ ቀበሌ አዳራሽ ነን። ማን ያየናል? ፈቃድ ለምን?

መልስ፦ የሰው ንብረት ስለሆነ ነው። እኛም ሀገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የራሳችሁን ጽሑፍ ሌላ ክበብ ስሙን ፍቆ ቢያሳየው ትከሱ ነበር። ማንን እንደምትጠይቁ መጽሐፉ መጀመሪያ ገጾች ላይ ተጽፏል። ስትጽፉ ቡድናችሁን፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ትኬት ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደምታሳዩ፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ ግለጹ። ትርጉም ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። ትንሽ ቡድን መሆናችሁን በሐቅ ተናገሩ። መጠየቅ ያስከብራል።

ከሐረር፦ ስፖንሰር እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ የእኔ ጉዳይ አይደለም። የምታውቁ አባላት ካላችሁ መልሱላቸው።

ስሜ አይጠቀስ ያለች፦ አምስት ሴቶች ነን። ስለ ጦርነትና ስለ ሴቶች መሥራት እንፈልጋለን። በእኛም የደረሰ ስለሆነ ግን እንፈራለን። ምን እናንብብ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ኢክሊፕስድ»ን አንብቡ። ጸሐፊዋ ዳናይ ጉሪራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ታሪኩ የላይቤሪያ ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ገጸ ባሕርያቱ አምስት ሴቶች ብቻ ናቸው። አራቱን አንድ የጦር አዛዥ እንደ ሚስት ይዟቸዋል፤ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠራሩት። አምስተኛዋ ለሰላም የምትሠራ ሴት ናት። አዛዡ መድረክ ላይ አንድም ጊዜ አይወጣም። በሩ አጠገብ ሲደርስ ሴቶቹ የጀመሩትን ጥለው ይሰለፋሉ። እሱ አይታይም፤ የተመረጠችው ዝም ብላ ትወጣለች። ጉሪራ ወንዱን ከመድረክ በማስወጣቷ ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የሴቶቹ ሆኗል።

ደግሞ ያስቃሉ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለነበረው ስለ ቢል ክሊንተን የተጻፈ መጽሐፍ እጃቸው ገብቶ እየተነበበ፣ የሰውየውን የትዳር ጣጣ በራሳቸው ቤት ሥርዓት ሲተረጉሙት ሚስቱን አንደኛ ሚስት፣ ከትዳሩ ውጪ የያዛትን ሞኒካን ሁለተኛ ሚስት ያደርጓታል። ያንን ሳቅ አትቁረጡት። እነዚህ ሴቶች ሰው ሆነው የቆዩት በሱ ነው።

ለማሳየት ግን አትቸኩሉ። በር ዘግታችሁ፣ አምስታችሁ ብቻ አንብቡ። ማናችሁም በፈለጋችሁ ሰዓት መጽሐፉን የማስቀመጥ መብት ይኑራችሁ። ከጨረሳችሁ በኋላ መድረክ ካልፈለጋችሁ፣ ንባቡ ራሱ ሥራ ነው። ማንም ቢሆን ለፌስቲቫል አድርሱ ብሎ አያጣድፋችሁ።

ከሐረር፦ ውዛ አልበርትን ለምን አላነሳህም?

መልስ፦ «ውዛ አልበርት!» እ.ኤ.አ. የ1981 ሥራ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ አዲስ ነው። አንብቡት ግን። ሁለት ተዋንያን ደቡብ አፍሪካን በሙሉ ይጫወታሉ፤ ነጩን ፖሊስ ለመምሰል የሚበቃቸው አፍንጫ ላይ የሚደረግ ሮዝ ኳስ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። እናቶቻችን በማኅበራችን አዳራሽ አንድ ነገር መጫወት ይፈልጋሉ። አራት ናቸው፣ ከ65 ዓመት በላይ። ብዙ መንቀሳቀስ አይችሉም። ለእናቶች የተጻፈ አለ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ካሪል ቸርችል «ኢስኬፕድ አሎን» የሚል ተውኔት አላት፤ እ.ኤ.አ. የ2016 ነው። አራት አሮጊቶች ጓሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። በቃ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወሬያቸው የሦስተኛ ቡና ወሬ ነው፤ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም፣ አንዷ የሌላዋን ትነጥቃለች፣ ስለ ሱቅ ሲያወሩ ስለ ልጅ ልጅ ይገባል። በየመሐሉ ከአራቱ አንዷ፣ ሚስስ ጃሬት፣ ብድግ ብላ ስለ ዓለም ጥፋት ታወራለች። ረኃብ፣ ጎርፍ፣ እሳት። ከዚያ ተመልሳ ወሬው ውስጥ ትቀላቀላለች። ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። አንዷ ድመት ትፈራለች፣ አንዷ ከቤት መውጣት ያስጨንቃታል፣ አንዷ ባሏን ገድላ ታስራለች። መጨረሻ አካባቢ ሚስስ ጃሬት ስለ ቁጣዋ ሁለት ቃል ይዛ ትደጋግማለች፣ ትደጋግማለች። እናት የሆነች፣ ዕድሜዋን ሁሉ «ግድ የለም» ስትል የኖረች ሴት ያን ስትለው አስቡት።

ጽሑፉ ለማጥናት ይከብዳል፤ የተቆራረጠ ስለሆነ። ጽሑፍ ይዘው ቢያነቡ ምንም ነውር የለውም። ወንበር ላይ ናቸውና። በአማርኛ ከሆነ የትርጉም ፈቃድ ጠይቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ባሏን የገደለችውን እናቴ አልጫወትም ትላለች።

መልስ፦ ሳታነብ አትበል። ጮክ ብላ ታንብበው።

ከመተማ፦ ሁለት ሰው ነን። ምን እንሥራ?

መልስ፦ ለደሴ መልሻለሁ። ወደ ላይ ሄዳችሁ አንብቡ።

ከመተማ፦ አይተነዋል ጋሼ። እኛ ግን ባልና ሚስት አይደለንም። እኔ 50 ዓመት አልፎኛል፣ እሷ ወጣት መምህርት ናት። የምናሳየው ለተማሪ ወላጆች ነው።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። «ዘ ማውንቴንቶፕ»፣ የኬቶሪ ሆል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ላይ ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ኦሊቪየር የሚባለውን የለንደን ቴአትር ሽልማት በምርጥ አዲስ ተውኔትነት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1968፣ አሜሪካ፣ ሜምፊስ፣ ሎሬይን ሞቴል፣ ክፍል ቁጥር 306። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከመገደሉ በፊት ያለችው ሌሊት ናት። ደክሞታል፣ ያስለዋል። ቡና ያዝዛል። ካሜይ የምትባል አስተናጋጅ ታመጣለታለች። ከዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ነጎድጓድ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል፤ እግሩ ይሸታል፤ ሲጋራ ይለምናል። ሐውልት ሆኖ የምናውቀው ሰው ሥጋ ለብሶ ይቀመጣል። ስለ ካሜይ መሐል ላይ የሚገለጥ ነገር አለ፤ አልነግራችሁም።

ዕድሜህ ከኪንግ ይበልጣል፤ እሱ 39 ነበር። ግድ የለም፣ ድካሙን ትሰጠዋለህ። ወደ አማርኛ ስትመልሱ አንድ ነገር ቀድማችሁ ወስኑ። ካሜይ «እርስዎ» እያለች ትጀምራለች፤ ሌላ አይሆንም። «አንተ» የምትለው የቱ ጋ ነው? እንግሊዝኛው ይህን አይነግራችሁም። ቦታውን ካገኛችሁት ግማሹን አዘጋጅታችሁታል።

ከአዲስ አበባ፦ ሁሉም የፈረንጅና የጥቁር አሜሪካ ሆነ። የእኛ አዲስ ተውኔት የለም?

መልስ፦ አለ። የምታነቡት ግን ታጣላችሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በረከት በላይነህ የጻፈውን «እያዩ ፈንገስ»ን፣ የመጀመሪያውን «ፌስታሌን»ን፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን ቆሞ ሲጫወት ያየ ሰው አንድ ተዋናይና ጥሩ ጽሑፍ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። የጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ» ሌላ ዓይነት ነው፤ ትልቅ መድረክ፣ ብዙ ሰው፣ ግጥም። ለትንሽ ክበብ አይሆንም፤ ታሪክን በመድረክ ለሚያጠና ግን ይሆናል።

የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነሱት ለምን ይመስላችኋል? ጥሩ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ስለታተሙ ነው። ለዓመታት በየሳምንቱ አዳራሽ የሞሉ ስንት ተውኔቶች ናቸው መድረኩ ሲያበቃ የጠፉት! ጽሑፉ አዘጋጁ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ያለው ልጅ ከየት ያምጣው? ጸሐፌ ተውኔቶች ካላችሁ እዚህ፣ እባካችሁ አሳትሙ። ማተሚያ ቤት ከከበደ አስጠርዙትና አንድ ኮፒ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር)፣ አንድ ኮፒ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት፣ አንድ ኮፒ ከተማችሁ ያለ ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ። ከሽፋኑ ጀርባ ፈቃድ የሚጠየቅበትን ስልክ ጻፉ። ጽሑፌ ይሰረቃል ብሎ መደበቅ ከሌባ አያድንም፤ ከአንባቢ ብቻ ነው የሚለየው።

ከአዲስ አበባ፦ ተመልካች የሚፈልገው ኮሜዲ ብቻ ስለሆነ ነው የማይታተመው።

ከጎንደር፦ ኮሜዲ ምን አደረገ? «ባቢሎን በሳሎን»ም ቢሆን መነበብ አለበት።

መልስ፦ አለበት። ኮሜዲ መጻፍ ይከብዳል። ወደ ጥያቄው።

ከድሬዳዋ፦ እኔ ብቻዬን ነኝ። ካፌ ውስጥ ነው የማሳየው፣ ተመልካቼ ቡና ጠጪ ነው።

መልስ፦ «ኤቭሪ ብሪሊያንት ቲንግ»። አሁንም ደንከን ማክሚላን ነው፤ ከጆኒ ዶናሆ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2013። እናቱ ራሷን ልታጠፋ የሞከረች የሰባት ዓመት ልጅ፣ ለመኖር ምክንያት የሚሆኑ ነገሮችን መዘርዘር ይጀምራል። ቁጥር አንድ አይስክሬም ነው። ዝርዝሩ ከልጁ ጋር ያድጋል። ከመጀመርህ በፊት ለተመልካች ቁጥርና ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ታድላለህ። ቁጥሩን ስትጠራ የያዘው ሰው ያነባል። አባቱን፣ የትምህርት ቤት አማካሪዋን የሚጫወቱትም ከተመልካቹ የምትመርጣቸው ናቸው። ካፌ ለዚህ ይመቻል፤ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል፣ መብራቱም አይጠፋም።

ወረቀቱን ስታድል የሰውን ዓይን እይ። የማይፈልገውን አታስገድድ። ስለ ምን እንደሆነም በር ላይ በግልጽ ጻፍ። ይህ ነገር ቤቱ የገባ ሰው ሳያውቅ መጥቶ ሊቀመጥ አይገባም። ጨዋታው ሲያልቅም ቶሎ አትሂድ፤ ሊያናግርህ የሚፈልግ ሰው ይኖራል።

ከባሕር ዳር፦ «አርት»ን በስልኬ መተርጎሚያ አንድ ማታ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። ልላክልህ?

መልስ፦ አትላክልኝ። ለሁለት ጓደኞችህ ስጣቸውና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አፍ ላይ የሚደናቀፈውን ሁሉ አስምር። ምናልባት ሁሉንም ታሰምራለህ። ከዚያ ከመጀመሪያው፣ በራስህ አማርኛ። ፈቃድም ጠይቅ።

ከባሕር ዳር፦ ፈቃድ ግን ለክበብ...

መልስ፦ ለጅማ መልሻለሁ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ «አርት»ን ለቅዳሜ ንባብ መረጡ። ማን ማንን ያንብብ?

መልስ፦ ከአሁኑ አታከፋፍሉ። በየአሥር ገጹ ተቀያየሩ፤ ሦስታችሁም ሦስቱንም ቅመሱ። ይመጣሉ፣ ይቀራሉ ያልካቸውን ልጆችም ጥሩ፤ ተቀምጠው ይስሙ። የት ላይ እንደሳቁና የት ላይ ስልካቸውን እንዳወጡ አንድ ሰው ይመዝግብ። እሑድ እሱን ላኩልኝ።